ከመኪና ማቆሚያ በፊት የአረጋዊ መንገድ

በአቃቂ ቃሊቲ አዲስ የገበያ ማዕከል ሲታቀድ፣ አዲስ የኮንዶሚኒየም ሳይት ሲከፈት ወይም ነባር ገበያ ሊታደስ ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ፓርኪንግ አለው ወይ?» ነጋዴው ይጠይቃል፤ ባለሀብቱ ይጠይቃል፤ መኪና የሌለው ሰው ሳይቀር ይጠይቃል። «እዚህ ሳይት ላይ የሚኖሩት አረጋውያን ገበያው ድረስ በምን ይደርሳሉ?» የሚል ሰው ከተነሳ ግን መልሱ አፍ ላይ ነው፤ «አረጋውያንማ ልጆች አሏቸው፤ ጧሪ የሌላቸውን ደግሞ እነ መቄዶንያ ይሰበስቧቸዋል።» በዚህ አነጋገር መኪና ማቆሚያ የከተማ ፕላን ጉዳይ ሆኖ ይቀመጣል፤ እርጅና ደግሞ ለቤተሰብና ለምጽዋት ይተዋል። ብዙ ሰው የሚጋራው አስተሳሰብ ነው፤ ግን ስህተት ነው። ጉዳቱም ጎልቶ የሚታየው ከተማዋ በፍጥነት በምትዘረጋበት በዚህ በደቡቡ ጫፍ ነው።

ክርክራቸውን ሳላሳንስ ላስቀምጠው። አቃቂ ቃሊቲ የጅቡቲ መስመር የሚያልፍበት ነው፤ ከጉምሩክና ከፋብሪካዎች የሚወጡ ተሳቢዎች ቀን ከሌት ይመላለሱበታል። እንዲህ ባለ መንገድ ዳር አንድ የቤት መኪና ቆመ ማለት አንድ ረድፍ ተዘጋ ማለት ነው፤ ስለዚህ ያለ ፓርኪንግ ገበያ መሥራት መንገድ መዝጋት ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን ጉራ ከመሀል ከተማ ሩቅ ናቸው፤ ለዚያ ነዋሪ መኪና ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል ይላሉ። ሦስተኛ፣ በመኪና የሚመጣ ሸማች ጤፉንም ዘይቱንም በአንዴ ጭኖ ይሄዳል፤ ማቆሚያ ካጣ ፊቱን ወደ ሳሪስ ያዞራል፤ የሚከስረው ነጋዴው ነው። አራተኛ፣ ወላጅን መጦር ባህላችንም ሃይማኖታችንም ነው፤ መንግሥት እዚህ ውስጥ ሲገባ የልጅን ግዴታ መቀማት ይሆናል። አምስተኛ፣ የከተማው ገንዘብ የተወሰነ ነው፤ ቤት፣ ውሃና መብራት በቅጡ ሳይሟላ ስለ አረጋውያን መቀመጫ ማውራት ቅደም ተከተል ማዛባት ነው።

በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ እውነት አለ። መንገዱ ይጨናነቃል፤ ሰፈሮቹ ሩቅ ናቸው፤ ልጆችም ወላጆቻቸውን ይወዳሉ። ከእነዚህ እውነቶች ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን አንዱም አያስኬድም።

ከሸማቹ ልጀምር። ለመሆኑ ገበያ የሚመጣው ማን ነው? በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ሲሶ የሚጠጋው በአውቶቡስ፣ በታክሲና በባቡር ነው። በግል መኪና የሚደረገው ከመቶው 15 ያህሉ ብቻ ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ያወጣው ይህንኑ እውነታ ይዞ ነው። እንግዲህ የ15ቱን ማቆሚያ አስቀድሞ የ85ቱን መምጫ «በጀት ሲገኝ» ማለት በየትኛው ሂሳብ ነው የሚያዋጣው? ነጋዴው ይከስራል ለሚሉትም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። የአቃቂ ነጋዴ ኑሮው የቆመው በየቀኑ በእግሩ እየመጣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ምስር በሚገዛው ሰው ላይ ነው። ይህ ሸማች መንገዱ ሲከብደው ሳሪስ አይሄድም፤ መግዛቱን ይቀንሳል።

ስለ መሬቱም እንነጋገር። አንድ መኪና ለመቆሚያውና ለመዞሪያው ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ደርድራ ለምትሸጥ እናት ሁለት ካሬ ሜትር ይበቃታል። አንድ መኪና ለአንድ ሰዓት በሚቆምበት ቦታ ከአሥር የሚበልጡ እናቶች ቀኑን ሙሉ ሠርተው ልጅ ማሳደግ ይችላሉ ማለት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ጠቅሰው «ነገ ሁሉም ኤሌክትሪክ ነው፤ የመኪና ነገር ይስተካከላል» የሚሉም አሉ። ጭሱ ይቀንስ ይሆናል። የቦታው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪናም የሚቆመው በዚያው 25 ካሬ ሜትር ላይ ነው።

የመንገድ መጨናነቁስ? ይህ ከክርክራቸው ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ በጥንቃቄ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ ይገደዳል፤ ምድር ቤቱንም ለፓርኪንግ ብሎ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያስ? ስንቱ ምድር ቤት ነው መጋዘን፣ ሱቅና ሬስቶራንት ሆኖ የቀረው? ከተማ አስተዳደሩ እነዚህን ቦታዎች ወደ ማቆሚያነት ለማስመለስ ደጋግሞ ዘመቻ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሕንፃ ሠሪን በግዴታ ማሰር መንገድ የሚከፍት ቢሆን ኖሮ የመሀል ከተማው መንገድ ዛሬ ጭር ባለ ነበር። በገበያ ደጃፍ መንገዱን ይዞ የሚውለውን መኪና ጠጋ ብላችሁ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሸማች አይደለም፤ ጠዋት 2 ሰዓት አቁሞት ሱቁን ከፍቶ፣ ማታ 1 ሰዓት ሱቁን ዘግቶ የሚያስነሳው ነጋዴው ራሱ ነው። ሸማቹ ቦታ የሚያጣው እሱ ስለያዘበት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሰዓት መገደብና እንደ ቆይታው ማስከፈል ነው። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በየመንገዱ ደረሰኝ እየቆረጡ ማስከፈል ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አሠራሩን ማጠንከር አዲስ ሕንፃ ከመገንባት በብዙ ይቀላል። ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሕንፃ ሠሪ ቢያንስ ይህን ያህል ማቆሚያ ያዘጋጅ» የሚለውን ደንቧን ሽራ «ከዚህ በላይ እንዳያዘጋጅ» ወደሚል ለውጣዋለች። ማቆሚያ በበዛ ቁጥር መኪና እንደሚበዛ ገብቷታል።

«ሰፈሩ ሩቅ ነው» የሚለው ክርክርም ባለቤቶቹን ይቃወማል። ለርቀት የሚያስፈልገው አውቶቡስ ነው። አንድ መኪና ያለው ቤተሰብ እንኳ ቢሆን መኪናው ጎህ ሳይቀድ ከልጁ ጋር ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ቦሌ ወይም ሜክሲኮ ቆሞ ይውላል። ቤት የቀሩት አባትና እናት እስከ ማታ እግረኞች ናቸው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ ቃሊቲ ሲደርስ ያበቃል። አቃቂ፣ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ተሳፋሪ አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ከመጣለት በአውቶቡስ፣ ካልመጣለት እየተቀባበለ በሚኒባስ ነው የሚሄደው። ኮንትራት ታክሲ የጡረታ ብር አይችለውም። ያውም ጡረታ ያለው ሰው ከሆነ ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዕድሜያቸውን በቀን ሥራና በሰው ቤት የጨረሱት ዛሬ በወር የሚጠብቁት ሳንቲም የለም።

አሁን አንዲት የ70 ዓመት እናት በኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ እንበል። ሕንፃው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው፤ አሳንሰር የለውም። ከ70 በላይ ደረጃ መደገፊያውን እየያዙ ይወርዳሉ። ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ ኮረት ነው፤ በመሃል አረፍ የሚሉበት መቀመጫ የለም። ፌርማታው ላይ ጥላ የለም። ሚኒባሱ ሲመጣ መወጣጫው ከጉልበታቸው በላይ ነው፤ ረዳቱ «እማማ፣ ቶሎ በሉ!» ይላል። ገበያው ፊት ለፊት ይወርዳሉ፤ ግን ከመንገዱ ማዶ ነው። ሲመለሱ አምስት ኪሎ ሽንኩርትና ሦስት ሊትር ዘይት በፌስታል ይዘዋል፤ ፌስታሉ ጣታቸውን ቆርጦታል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ይተነፍሳሉ። ከብሎኩ ደረጃ ሥር ሲደርሱ ደግሞ አንድ የሰፈር ልጅ ብቅ እስኪልና ዕቃውን እስኪያወጣላቸው ይጠብቃሉ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ፓርኪንግ የጠቀማቸው የት ቦታ ላይ ነው? 300 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ከገበያው በር ፊት ቢነጠፍ ለእሳቸው የሚጨምርላቸው ነገር ቢኖር፣ ከፌርማታው እስከ በሩ በፀሐይ የሚያቋርጡት አስፋልት ብቻ ነው።

የማቋረጡን ነገር በቁጥር እናስላው። የትራፊክ መብራት ጊዜ ሲሰላ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይሄዳል ተብሎ መታሰቡ የተለመደ ነው። ደከም ያለ አረጋዊ 0.8 ሜትር ቢሄድ ነው። ስፋቱ 50 ሜትር የሆነ መንገድ ለመጀመሪያው 42 ሰከንድ፣ ለሁለተኛው 63 ሰከንድ ይፈጃል። በመካከሉ ያሉት 21 ሰከንዶች ተሳቢ መኪና ፊት ለፊት የሚቆሙባቸው ናቸው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት እጅግ የሚበዙት እግረኞች መሆናቸውን እያወቅን መንገድ ማስፋትን ብቻ ልማት እንላለን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ «ባህላችን ይጦራል» ወደሚለው። ይጦራል፤ እውነት ነው። ግን እንዴት ነበር የሚጦረው? ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ እናት ቡና ሲፈላ ይጠሩ ነበር። ጠዋት በራቸው ካልተከፈተ ጎረቤት ያንኳኳ ነበር። ባለሱቁ ስኳሩን በዱቤ ይሰጣቸው፣ የጎረቤት ልጅም ይላክላቸው ነበር። ዕድራቸው ሲታመሙ ይጠይቅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በምርኩዝ የሚደረስበት ነበር። ይህ ሁሉ በየትኛውም በጀት ውስጥ የለም፤ ሆኖም በከተማዋ ታሪክ ከተሠሩት የአረጋውያን መጦሪያዎች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። የሚሠራው ደግሞ በቅርበት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው በከንቱ አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በርካታ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ቤት ተሰጣቸው፤ መልካም። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር አብሮ እንዲሰፍር ቢደረግ እንኳ የዱቤ ሱቁ አብሮ በመኪና አይጫንም፤ ክሊኒኩም፣ ደብሩም፣ ሠፈር የቀሩት የ40 ዓመት ወዳጆችም እንዲሁ። ለቅሶ መድረስ በእግር አምስት ደቂቃ የነበረው አሁን ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ሆኗል። ልጆቹስ? ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ወጥተው ማታ 2 ሰዓት ይመለሳሉ፤ ወይም ዓረብ አገር ሰው ቤት ናቸው፤ ወይም አሜሪካ ናቸው። ፍቅር አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ሰዓት ነው። የሚልኩት ብር ኪራይ ይከፍላል፤ መድኃኒት ይገዛል፤ ዘይት ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ግን አይወጣም። ስለዚህ ባህላችንን ጠቅሰው ፕላኑን ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጡት ሰዎች ነገሩን ገልብጠውታል። ባህሉን የምናከብር ከሆነ ባህሉ የሚመላለስበትን መንገድ ልንሠራለት ይገባል። በእግር የማይደረስበት ጎረቤት ጎረቤትነቱ ያልቃል፤ ያኔ የተመካንበት ጧሪ ባህል የሚቀረው በአፋችን ብቻ ነው።

መንግሥትን በዚህ ማስገባት እንግዳ ነገር ነው የሚሉም ሕጋችንን ቢያዩት መልካም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መድረሻ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ለዊልቸር የተሠራ መወጣጫ ለምርኩዝም ይሆናል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው የሚያስፈጽም እጅ ነው።

መቄዶንያስ? መሥራቹ ቢኒያም በለጠና ባልደረቦቹ የሠሩትን ሥራ ከልቤ አከብራለሁ። መንገድ ላይ የወደቀን ሰው አንስቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶና አብልቶ ሰው ማድረግ ከተማውን ያስመሰገነ ተግባር ነው። ግን ያ ማዕከል ሁሉን ላጣ ሰው የመጨረሻ መጠጊያ ነው። ቤት፣ ልጅና ጥቂት ጡረታ ያላቸው የኮዬ ፈጬ እናት መጠጊያ አላጡም፤ ያጡት መውጫና መግቢያ ነው። ደረጃው ከከበዳቸው መውጣት ይተዋሉ። መውጣት ሲተዉ ጉልበታቸው ይዝላል፤ የሚያያቸው ሰው ያጣሉ፤ አንድ ቀን ወድቀው ማንም ሳያውቅ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ነው የማዕከል ያለህ የሚባለው። በጎ አድራጊዎች ደጃፍ የሚደርሰውን ሰው ማብዛት ወይም መቀነስ በፕላን ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ነው። የእነሱን ደግነት ለራስ ቸልተኝነት ሽፋን ማድረግ ደግሞ እነሱንም መበደል ነው።

ገንዘብ የለም ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ጥያቄዬ ከማቆሚያው ይልቅ ርካሽ ነው። የሁለት መኪና ማቆሚያ 50 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ላይ አንድ የአረጋውያን የቀን መዋያ ክፍል ይወጣል፤ ደም ግፊትና ስኳር የሚለካበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ ዕድር የሚሰበሰብበት፣ ከገበያ የተገዛ ዕቃ ለጊዜው የሚቀመጥበት። ከፒያሳ እስከ ቦሌ በተሠራው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መቀመጫና መጸዳጃ የከተማ ፕላን ጉዳይ መሆናቸው በተግባር ታይቷል። ለሕፃናትም ከተማው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ነድፎ መጫወቻና ማቆያ እያዘጋጀ ነው። ታዲያ ለሦስት ዓመት ልጅ የታሰበ ከተማ ለ73 ዓመት አያቱ የማያስብበት ምክንያት ምንድን ነው? ሲንጋፖር ካምፑንግ አድሚራልቲ በተባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያዎችን፣ የምግብ ገበያን፣ ክሊኒክን፣ የሕፃናት ማቆያንና የአረጋውያን የቀን መዋያን ከባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ላይ አስቀምጣለች። «እሷ ሀብታም ናት» ይባል ይሆናል። ሕንፃው ውድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ገበያውን፣ ፌርማታውን፣ ጤና ጣቢያውንና የዕድር ቤቱን አራት ቦታ መበተንም እኮ ገንዘብ ይፈጃል፤ ወጪውን የሚከፍለው አረጋዊው በጉልበቱ ስለሆነ ብቻ ነው በሂሳብ ደብተር ላይ የማይታየው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የሚሠራ ወይም የሚታደስ ማንኛውም የገበያ ማዕከል በሩ ላይ ያለውን ቦታ በዚህ ቅደም ተከተል ያከፋፍል፤ መጀመሪያ ጥላና መቀመጫ ያለው የአውቶቡስና የታክሲ ፌርማታ፤ ቀጥሎ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአምቡላንስ ማውረጃ፤ ከዚያ የጭነት ማራገፊያ፤ በመጨረሻ የሚተርፈው በሰዓት የሚከፈልበት የመኪና ማቆሚያ። ከማቆሚያው የሚሰበሰበው ገንዘብ እዚያው ሰፈር ለእግረኛ መንገድ ይዋል። ከየብሎኩ እስከ ገበያው ያለው መንገድ ይነጠፍ፤ በየ100 ሜትሩ መቀመጫ ይኑረው። የማቋረጫ መብራት በአረጋዊ እርምጃ ይለካ፤ ሰፊው መንገድ መካከል ላይ መቆሚያ ደሴት ይሠራ። በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያሉ መኖሪያ ቤቶች ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ቅድሚያ ይሰጡ፤ አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አረጋውያን የሚለዋወጡበት አሠራር ይዘርጋ። በየገበያ ማዕከሉም አንድ የቀን መዋያ ክፍል ይኑር።

ይህ ለአንድ የኅብረተሰብ ክፍል የሚደረግ ችሮታ አይደለም። አንድ አረጋዊ ያለ ማንም እርዳታ ደርሰው የሚመለሱበት ገበያ ነፍሰ ጡሯም፣ ሕፃን ያዘለችውም፣ በዊልቸር የሚሄደውም፣ ኩንታል የተሸከመውም ይደርስበታል። ለመኪና የተሠራ ገበያ መኪና ያለውን ያገለግላል፤ ለአረጋዊ የተሠራ ገበያ ሁሉንም ያገለግላል፤ ከሁለቱ የትኛው ነው የሕዝብ ገንዘብ የሚገባው? አቃቂን በጉልበታቸው የሠሩት የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ሠራተኞች፣ ግንበኞችና ተሸካሚዎች ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል። ያቆሙት ከተማ ውስጥ ሽንኩርት ገዝተው ለመመለስ የሰው ምሕረት መጠበቅ የለባቸውም። ፕላን የሚያጸድቅ ባለሙያ አንድ የ70 ዓመት ሰው ከቤታቸው ተነስተው ገበያው ደርሰው መመለስ እንደሚችሉ በእግሩ ሄዶ ሳያረጋግጥ ፊርማውን አያኑር፤ ያላረጋገጠውን ፕላን እኛ ነዋሪዎች አንቀበል።